የአራተኛዋ ሴት መልስ

ጎተንበርግ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሰይዳ፣ አሰብ ሰጊር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? አጎቴ ዓሊዪስ ጉልበቱ ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ብርዱ አፍንጫዬን ሊቆርጠኝ ከመድረሱ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ ገና በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች። እናንተ ደግሞ በዚህ ወር ሙቀቱ ለቀቅ ብሏችሁ ከግቢ አልጋ ወደ ቤት ገብታችሁ ይሆናል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ለምርምር ተቀብሎኛል። ሥነ ልቡና ነው የማጠናው። ሰውን ከሚወደው ሰው ጋር አስሮ የሚያኖረው ምንድን ነው? አንዱ ሲጸና ሌላው ጥሎ የሚሄደው ለምንድን ነው? ይህን ነው የምንመረምረው። የምታስተምረኝ ፕሮፌሰር፣ «የአገርህ ሴቶች ስለዚህ ምን ይላሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ ወዲያው አሰብ ትዝ አለችኝ። እንደ አሰብ ሴት ባሏን የምትጠብቅበት ከተማ የት ይገኛል? ባሏ የአዲስ አበባን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር የሆነባት አለች፣ መርከብ ላይ የሚሠራባት አለች፣ ጂዳ ሄዶ የቀረባት አለች።

ስለዚህ አንድ ውለታ እለምንዎታለሁ። ባላቸው ሩቅ የሆነባቸውን ጥቂት ሴቶች ይጠይቁልኝ። በትዳርሽ ምን ያህል ደስ ይልሻል፣ ከአንድ እስከ ሰባት ባለው ቁጥር ተናገሪ። ብትተዪው የምትሄጂበት ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ሰው አለ? እስከ ዛሬ በዚህ ትዳር ላይ ምን አፍስሰሻል? ለምንስ ትቆያለሽ? ስማቸውን አደራ እንዳይጽፉት፤ የጥናት ደንብ ነው። አንደኛዋ ሴት፣ ሁለተኛዋ ሴት ማለት ይበቃል።

ለአጎቴ ዓሊዪ፣ ለጎረቤታችን ለአልጋነሽ፣ ዓሣ ለሚያመጣልን ለራሔይታው ሽማግሌ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ለምትተኛው ድመት ሳይቀር ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ ተውፊቅ


አሰብ፣ ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለተውፊቅ

ወዐለይኩም ሰላም። የደረቴ ልጅ፣ አላህ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይጠብቅህ። አጎትህ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ በክረምቱ ይሻለው ይሆናል እንላለን። ሱቁ አይከፋም። ሹፌሮቹ ጭነት ጠብቀው ሲሰለቻቸው ከእኛ ዘንድ ስኳርና ሳሙና እየገዙ ሲያወጉ ይውላሉ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለደስታ፣ አንዴ ስም ፍለጋ። ድመቷን አገኘኋት። የራሔይታውን ሽማግሌ አገኘሁት፣ ሰላምታህን ስነግረው ስጦታ ብሎ አንድ ትልቅ ዓሣ ጥሎልኝ ሄደ። ሚስትህን ዓፋፍን ግን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ አጣኋት። ልትሄድ ሰሞን ጁምዓ ዕለት በዚሁ ሳሎኔ ኒካሕ አስረህ፣ አጎትህ ምስክር ሆኖ ተቀምጦ፣ «ዓመት ሳይሞላ እወስዳታለሁ» ብለህ ለአባቷ ቃል ስትሰጥ እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈው። ጽፌለት ጽፌለት መልስ አጣሁ ትላለች። ፖስታህ የደረሰ ዕለት ልብስ ልትመልስልኝ መጥታ እጄ ላይ ስታየው፣ ምንም ሳትጠይቀኝ በሩን ይዛ ቆመች። «ሰላም ብሎሻል» አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?

እንግዲህ ጥያቄህን ጠይቄልሃለሁ። አንደኛዋ ሴት የካምዮን ሹፌር ሚስት ናት፤ አልጋነሽ መሆኗን አንተም ታውቀዋለህ፣ ግን ስም አትጻፊ ስላልከኝ አልጻፍኩም። ደስታሽን በቁጥር ንገሪኝ ብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሲመጣ ሰባት፣ የቆሸሸ ልብሱን ሲያራግፍልኝ ሦስት፣ ሲሄድ ደግሞ እንደገና ሰባት» አለችኝ። ለምን ትቆያለሽ ብላት፣ «ወዴት ልሂድ? እሱ ነው እንጂ የሚሄደው» አለች። ሁለተኛዋ ሦስት ልጆች አሏት፤ ልጆቼን አፍስሻለሁ፣ እነሱን ደግሞ ማፈስ አይቻልም ብላለች። ሦስተኛዋ ጥያቄውን ስትሰማ፣ «ይሄን የሚጠይቅ ሰው በአገሩ ሥራ የለውም?» ብላ ተቆጥታ ሄደች። እንደ መልስ ቁጠረው።

ለዓፋፍ ሁለት መስመር ጻፍላት ልጄ። ቃል እንደሆነ አይከብድ። አላህ ካንተ ጋር ይሁን።

አክስትህ ሰይዳ


ጎተንበርግ፣ ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሰይዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው። ሳልጽፍ የቆየሁት በፈተና ምክንያት ስለሆነ እንዳይቀየሙኝ። የላኩልኝን መልስ ተርጉሜ በክፍላችን ሳነብ ሰዉ ሁሉ ተደነቀ። የሦስተኛዋ ሴት ቁጣ ሳይቀር ተመዝግቧል።

እዚህ ያሉ ተመራማሪዎች ሰው ከትዳሩ የማይወጣው በሦስት ነገር ነው ይላሉ። አንዱ የሚያገኘው ደስታ ነው። ሁለተኛው ሌላ መሄጃ ማጣቱ ነው። ሦስተኛው ያፈሰሰው ነው፤ ዕድሜው፣ ንብረቱ፣ ልጁ። ብዙ ያፈሰሰ ሰው ደስታው ቢያልቅ እንኳ መውጣት ይከብደዋል። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከሕፃንነት ይጀምሩታል። እናቱ ትታው ወጥታ ስትመለስ ሕፃኑን ይመለከቱታል። አንዱ ሮጦ ያቅፋታል። አንዱ አልቅሶ አይወጣለትም፣ ቀሚሷን ይዞ አይለቅም። አንዱ ደግሞ እንዳላያት ሆኖ በመጫወቻው መጫወቱን ይቀጥላል። ሰው አድጎም ፍቅር የሚይዘው በዚያው በሕፃንነቱ መንገድ ነው ይላሉ።

ስለ ዓፋፍ ያነሱትን አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከእሷ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ፖስታ መንገድ ላይ ይጠፋል። ዝም ስትል እኔም ረስታኛለች ብዬ ነበር። ጊዜ ሲገኝ በሰፊው እንነጋገርበታለን።

አሁን የሚያስፈልገኝ አንድ ዓይነት ሴት ናት። ልጅ የሌላት፣ ባሏ የራቀ፣ ወሬውም የጠፋባት፣ እንዲያም ሆኖ ጸንታ የምትጠብቅ። እንዲህ ያለች ብትገኝ ለጥናቴ ትልቅ ዋጋ አላት። አደራ ይፈልጉልኝ። ለሁሉም ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

ልጅዎ ተውፊቅ


አሰብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለተውፊቅ

ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን። ሙቀቱ ዘንድሮ ለጉድ ነው። ሌሊት ፍራሹን ውኃ እየረጨን ነው የምንተኛው፣ አጎትህ እንደ ዓሣ ጨው ነስንሳችሁ አድርቁኝ ይላል። አላህ ይመስገን፣ አለን።

የሕፃኑን ነገር ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም አለኝ። እናትህ እህቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በአምስት ዓመትህ ከወልዲያ አምጥታ እኔ ዘንድ አስቀመጠችህ። በዓመቱ ልታይህ ስትመጣ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ መኪናህ ትጫወት ነበር። ስምህን እየጠራች እጇን ዘረጋች። ቀና ብለህ አላየሃትም። መኪናህን እየገፋህ ወደ ጓሮ ሄድክ። ጎበዝ ልጅ፣ አላለቀሰም ብዬ አመሰገንኩህ። እህቴ ግን መንገዷን ሁሉ አልቅሳ ሄደች፣ ሁለተኛም አልተመለሰችም። ይህን የምጽፍልህ ላስቀይምህ አይደለም።

የፈለግሃት ዓይነት ሴት ተገኝታለች። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አራተኛዋ ሴት ብዬ እጽፋታለሁ፣ ስም አትጻፊ ብለሃልና ትእዛዝህን አከብራለሁ። ልጅ የላትም። በእጇ ሠርታ ትበላለች። የተናገረችውን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ጻፍኩልህ።

ደስታሽ ስንት ነው ስላት፣ «ሰባት የነበረበትን ቀን አውቀዋለሁ፣ በዚያ ቀን ነው የምኖረው» አለች። ሌላ መሄጃ አለሽ ወይ ስላት፣ አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው፣ አባቷን ደጋግሞ እንደጠየቀ ነገረችኝ። «የሰው ሚስት ናት በሉት አልኳቸው» አለች። ምን አፍስሰሻል ስላት፣ «ይሄን ለእሱ ልንገረው እንጂ ለወረቀት አልናገርም» አለች። ለምን ትቆያለሽ ስላት ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ቃል የሰጠሁት በምስክር ፊት ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አፉን የሚሸፍን ሰው ሊያፍር ይችላል እንጂ ሊከዳ አይችልም እላለሁ። ተሳስቼ እንደሆነ እሱ ይንገረኝ፣ ሌላ ሰው አይንገረኝ።»

እንግዲህ ተማርክ አይደል? አንተ ንገረኝ፣ ይህችን ሴት ምን ልበላት? ትጠብቅ ወይስ ትተወው? የኮምቦልቻው ሰው እስከ ረቢዕ ወር መጨረሻ መልስ ስጡኝ ብሏል። ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ ሰይዳ


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሰይዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሳላድር መጻፌ ነው። አላህ ከሙቀቱ ይገላግላችሁ።

የአራተኛዋን ሴት መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። እንደ ባለሙያ አስተያየቴን ልስጥዎት። ይህችን ሴት የያዛት ፍቅር አይደለም፣ ፍርሃት ነው። እኛ በሙያው ቁርኝትና መንጠልጠልን እንለያለን። የምትኖረው በአንድ ባለፈ ቀን ውስጥ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ቃሌ በምስክር ፊት ነው ማለቷም ውስጧ የሚያቆያት ነገር እንደሌለ ያሳያል፤ የሚያቆያት የሰው ዓይን ነው። ወጣት ናት። በዚያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የካምዮን ሸራ ስትሰፋ ውላ ማታ ባዶ ቤት የምትገባ ሴት፣ ለማን ብላ ነው? ያፈሰሰችው ስለበዛ ብቻ መቆየት የለባትም። ያፈሰሱትን ማጣት ያማል፣ ግን ያልፋል። ጥናቶች የሚሉት ይህንን ነው።

ሰውየውም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። አንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት መናገር ይቸግረዋል፤ ዝምታው ራሱ መልስ ይሆናል። ስለዚህ ጠብቂ አይበሏት። ነፃ ናት ብላችሁ ንገሯት። የኮምቦልቻውን ሰው ብታገባ ይሻላታል። ይህ ለእሷ ደግነት ነው።

ለሁሉም ሰላምታ። የሴቶቹ ጉዳይ ለጊዜው ይበቃኛል፤ ከእንግዲህ ሌላ አይጠይቁልኝ።

ልጅዎ ተውፊቅ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ሰይዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ለባለፈው ደብዳቤዬ መልስ አጣሁ። ፖስታ ጠፍቶ ነው ወይስ ታመው ነው? ሐሳብ ገብቶኛል። የአጎቴ ጉልበት የሚታሽበት ቅባት ሰው አግኝቼ ልኬያለሁ።

አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል። ለመኖሪያ ፈቃዴ ሲባል ከአሰብ ማዘጋጃ ቤት «ትዳር አልያዘም» የሚል ማስረጃ ያስፈልገኛል። የእኔ ኒካሕ በሸኽ ፊት ብቻ የተደረገ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤት አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ችግር የለውም። የሚጠይቁት ሁለት ምስክር ብቻ ነው። አጎቴ ዓሊዪ የተከበረ ሰው ስለሆነ እሱ ሄዶ «ተውፊቅን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፣ አላገባም» ቢል ይበቃል። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እርስዎን መደበቅ አልወድም። እዚህ አንዲት ሴት አለች፣ ካሪን ትባላለች፣ አብራኝ ትሠራለች። መልካም ሰው ናት። ስለ አሰቡ ነገር ገና አልነገርኳትም፤ ብነግራትም የሚገባት አይመስለኝም፤ የልጅነት ነገር ነው። ለዓፋፍ በእርስዎ በኩል በእርጋታ ቢነገራት ደስ ይለኛል። እርስዎ ብልህ ስለሆኑ እንዴት እንደሚሉት ያውቁበታል።

ወረቀቱ እስከ መጋቢት ቢደርስልኝ። አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ልጅዎ ተውፊቅ


አሰብ፣ የካቲት 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአቶ ተውፊቅ፣ ጎተንበርግ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንተ የምለው ልጄን ነበር፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ማለቴን እንደ ስድብ አይቁጠሩት። የማያውቁትን ሰው ማክበር ያባት ነው።

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውናል። ዝም ያልኩት ቃዲው ቀጠሮ እስኪጨርሱ ነው። ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

የነሐሴው ደብዳቤዎ እንደመጣ ለዓፋፍ አነበብኩላት። አራተኛዋ ሴት ማን እንደሆነች መንገር አያሻኝም፣ ለእርስዎም ለእሷም። ስለ እሷ ስጽፍልዎት የአባቷን ስም አላነሳሁም፣ ሰፈሯን አላነሳሁም፣ ካፖርትዎን ለመግዛት በኒካሑ ለመህር የተሰጣትን የጆሮ ወርቅ መሸጧን አላነሳሁም። ሳይነገረው ሚስቱን ያውቃት እንደሆን ልየው ብዬ ነበር። ካላወቃት ተውፊቅ ረስቷታል እላለሁ፣ መርሳት የሰው ነው። ካወቃት ደግሞ ያፍራል፣ ይጽፍላታል ብዬ ነበር።

እስከ ግማሽ ድረስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስለ ሸራው ያሉት ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«እትዬ ሰይዳ፣ ሸራ እንደምሰፋ ጽፈሽለት ነበር?»

«ወላሂ አልጻፍኩም» አልኳት። እውነት ነው። ሚስቱ ወደብ በር ላይ ከወንዶች መሐል ተቀምጣ የካምዮን ሸራ ትሰፋለች ብዬ እንዳላሳፍርዎት አንድም ቀን አልጻፍኩም። ሥራውን የጀመረችው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ከእኔ ደብዳቤ ነው ያወቀው» አለች። «ሸራ መስፋት ጀምሬያለሁ፣ መርፌው እጄን ቢወጋኝም ደህና ነኝ ብዬ ጽፌለት ነበር። ደርሶታል። አንብቦታል።»

አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። የቀረውን ጨርሺልኝ ብላኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

በሳምንቱ ቃዲ ዘንድ አቤት አለች። እርስዎ ዓሊዪ ይመስክርልኝ ብለው ነበርና፣ እሱም መስክሯል። ያየውን ነው የመሰከረው፤ ኒካሑ በእኔ ቤት ታስሯል፣ ባልየው ተውፊቅ ነው፣ ከሄደ ወዲህ ቀለብ አልቆረጠላትም፣ ቃል አልላከም አለ። ሲመለስ ያን እርስዎ የላኩትን ቅባት ከነእሽጉ ለአልጋነሽ ሰጣት። ጉልበቱ እስከ ዛሬ ያመዋል።

ቃዲው ደብዳቤዎንም አዩት። «ነፃ ናት ብላችሁ ንገሯት» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈታት እንዳልል ስሟን አልጠራም። አልፈታትም እንዳልል ሥራዋን ጠራ» አሉ። በዚህ ላይ አልፈርድም ብለው በመራቅዎና ባለመጦርዎ ጋብቻውን አፍርሰውታል።

ስለ ኮምቦልቻው ሰው መክረው ነበር። ስሙ ሙስዓብ ነው። አልጠበቀም ብለው አይቀየሙት፤ እስከ ረቢዕ ጠብቆ፣ የሰው ሚስት ናት የሚል መልስ ስለደረሰው በአገሩ ሌላ አግብቷል። እኔም በየደብዳቤዎ ላይ «ሰላም ብሎሻል» እያልኩ ያቆየኋት ሰው ነኝ፤ ድርሻዬን አውቀዋለሁ። ዓፋፍ አሁንም ወደብ በር ላይ ሸራ ትሰፋለች። እዚያ ባልፍ ቀና ብላ ሰላም ትለኛለች፣ ቤቴ ግን አትመጣም። መብቷ ነው።

የጠየቁትን ወረቀት በተመለከተ፣ አላገባም የሚል አልተገኘም። የተገኘው የቃዲው ማኅተም ያለበት የፍቺ ወረቀት ነው፤ ከዚህ ጋር ታጥፎ አለ። እዚያ አገር ማግባት ይችሉበታል ይላሉ የሚያውቁ። ግን በዓረብኛ ስለተጻፈ ማስተርጎም ያስፈልጋል፤ ሲተረጎም ዓፋፍ የሚለው ስምና የኒካሑ ቀን ይወጣል። ለካሪን ከሌላ ሰው ከምትሰማው እርስዎ ቢያነቡላት ይሻላል። እሷም እኮ አንድ ቀን ቁጥር ትሆናለች።

ጥናትዎ እንዳይጎድል አንድ ሴት ልጨምርልዎት። አምስተኛዋ ሴት የምትጠብቀው ባል አይደለም፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል። በአምስት ዓመቱ እጇ ላይ የተተወላትን የእህቷን ልጅ ነው የምትጠብቀው። ደስታሽ ስንት ነው ቢሏት፣ ፖስታ የመጣ ዕለት ሰባት ነበር ትላለች። ሌላ አላት ወይ? የላትም፣ ከእሱ በቀር አላሳደገችም። ምን አፈሰሰች? ይህን ከማንም በላይ እርስዎ ያውቁታል። ለምን ትቆያለሽ ለሚለው ግን መልስ የላትም፣ ምክንያቱም ከዛሬ ወዲያ አትቆይም። ደብዳቤ ቢመጣ ዓሊዪ ይቀበላል እንጂ እኔ አላነብም።

ሰላም ያሏት ድመት ደህና ናት።

ሰይዳ